በልጅ ልጄ ላፕቶፕ ውስጥ ያስገባሁት ሰላይ

ሰቆጣ ሰው ከሰው የማይተዋወቅባት ከተማ አይደለችም። አንዲት ሴት ገበያ ወጥታ ምን ይዛ እንደተመለሰች ጎረቤት ሳይጠይቅ ያውቀዋል። እንዲህ ባለች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ በገንዘብ አልከበርኩም። የምኮራበት ግን አንድ ነገር ነበረኝ፤ ከእኔ አፍ የወጣ የታካሚ ምስጢር የለም።

ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው ይጠብቁኛል። ኽምጣና ብቻ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ማስገባቱ ራሱ ጭንቅ ነበር፤ አስተርጓሚው የባላቸው ዘመድ ሊሆን ይችላልና። መዝገቡን በቁጥር እንጂ በስም አንሞላም። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በመቀነቴ ቋጥሬ ነበር የምዞረው።

ይህን የማነሳው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ያንን ቁልፍ ስጠብቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ በስተርጅና፣ በገዛ ቤቴ፣ የአንዲት ልጅን ምስጢር ለማላውቀው ሰው አሳልፌ መስጠቴን ልነግራችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው

የልጅ ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ። አባቷና እናቷ ጅዳ ናቸው፤ ለፍተው ይልካሉ፣ እኛ እዚህ እንኖራለን። አሁን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመልቀቂያ ፈተና በኮምፒውተር ጭምር መሰጠት ስለጀመረ፣ አባቷ «እጇን ታፍታታ» ብሎ ያገለገለ ላፕቶፕ ላከላት። ልጅቷ ከደስታዋ የተነሳ ሽፋን ሰፍታ አለበሰችው።

ከላፕቶፑ ጋር ግን ሌላ ነገርም መጣ። ልጄ ደወለና «እማዬ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ምን እንደምታይ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ማወቅ አለብኝ። ጓደኞቼ ለልጆቻቸው የሚያስጭኑት ፕሮግራም አለ፤ አይታይም፣ እሷም አታውቅም» አለኝ። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ላከ። እንደነገረኝ ፕሮግራሙ በገንዘብ የሚሸጥ ነው፤ የተላከልን ግን «ክራክ» የተደረገው፣ በነፃ የሚገኘው ነው።

ልጄን አልወቅሰውም። በጦርነቱ ጊዜ ሰቆጣ ስልክም መብራትም ባጣች ወቅት፣ እናቱና ልጁ በሕይወት መኖራችንን ሳያውቅ የከረመ ሰው ነው። ያን የመሰለ ዝምታ ያሳለፈ አባት ሁሉን ነገር በዓይኑ ማየት ቢፈልግ አይገርመኝም። እኔም ይህን አስቤ እሺ አልኩ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች ዘመዳችን ላፕቶፑን ከፈተው። ፕሮግራሙን ሊጭን ሲል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። «ይሄ ዝም ብሎ ይረብሻል» አለና መከላከያውን አጠፋው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ቡና እያፈላሁ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ልጄ ደወለ፤ ድምፁ ልክ አልነበረም። «እማዬ፣ ስኳር ይዞሽ ነው የደበቅሽኝ?» አለኝ።

እኔ ስኳር እንዳለብኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ልጄ ከሰማ ሥራውን ጥሎ እንደሚመጣ፣ ለመሄድ የተበደረውም ገና ተከፍሎ እንዳላለቀ አውቃለሁ። ለካ የልጅ ልጄ ደርሳበታለች። ለማንም አልላከችውም፤ በላፕቶፑ ላይ ለራሷ በምትጽፈው ማስታወሻ ላይ ብቻ አስፍራዋለች። «እምዬ ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሳለች፣ ውኃ ትጠጣለች። ለአባዬ አልነግረውም፤ ከሰማ ይመጣል» ብላ።

አያችሁ፣ ልጄ ክፉ ነገር ሊይዝባት አጥምዶ ያገኘው ደግነቷን ነው። እሷ ምስጢሬን እንደ ጥሩ ነርስ ጠብቃልኛለች፤ ያስወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ማታ አጠገቤ ተቀመጠችና «እምዬ፣ እሱን ማን አነበበው?» አለችኝ። ዋሽቼ መመለስ አልቻልኩም። ላፕቶፑን ዘግታ አልጋ ሥር ከተተችው። ለሦስት ሳምንት አልነካችውም፤ ከእኔም ጋር ከሰላምታ በላይ አላወራችም።

የማይታየው ፕሮግራም ምን ይሠራል?

ላፕቶፑን ከተማችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ዘንድ ወሰድኩት። ሲያየው ቆየና «ሲስተር፣ ይሄን ለመጫን ሲሉ እኮ የቤቱን ውሻ ነው ያሰራችሁት» አለኝ። አባባሉ ስለገባኝ እናንተም እንድትረዱት ላብራራው።

ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ፤ በአብዛኞቻችን ቤት ዊንዶውስ የሚባለው ነው። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው እሱ ሲፈቅድለት ነው። ዊንዶውስ የራሱ ጠባቂ አለው፤ ዲፌንደር ይባላል፤ የሚያውቀውን ተንኮለኛ ፕሮግራም ያስቆማል። ስለዚህ የስለላ ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች ለገዢው መጀመሪያ የሚነግሩት «ጠባቂውን አጥፋው» ብለው ነው። ጠባቂው ከጠፋ በኋላ ግን በሩ ለእኛ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በዚያ «ክራክ» ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ተሸሽጎ ገብቶ ነበር፤ ሥራው በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን መልቀም ነው። እኔ በዚያው ላፕቶፕ ኢሜይሌን ከፍቼ አውቃለሁ።

እንዲህ ያለ ድብቅ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሳል። ገጹ ላይ ምልክት የለውም። የምንነካውን ፊደል ሁሉ ይመዘግባል፣ የገጹን ፎቶ ያነሳል፤ ኃይለኛ የሆነው ደግሞ ማይክሮፎኑንና ካሜራውን ይከፍታል። ኢንተርኔት ሲኖር ይልካል፤ ሲቋረጥ አጠራቅሞ ይጠብቃል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ሰው እናውቀዋለን፤ ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው በሽታውን ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ምልክት የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም።

ከእኛ በፊት የተሰለሉ ኢትዮጵያውያን

ከዚያ ወዲህ ስለነገሩ ማንበብ ጀመርኩ። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ስሟ በዓለም የሚነሳ አገር መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን አለ። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ሲላክ እንዳገኘ አስታወቀ። ፕሮግራሙ የሰበሰበውን የሚልክለት ሰርቨር ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር።

በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ውስጥ ከሰሰ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹን ላለማስጎዳት «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው የቀረበው። የክሱ ሰነድ እንደሚለው፣ በኢሜይል የመጣ የወርድ ጽሑፍ ሲከፈት ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ቆይቷል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክሱን አልተቀበለውም። ምክንያቱ ስለላው ተደርጓል ወይም አልተደረገም የሚል አልነበረም። ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ አገር መንግሥትን በአሜሪካ ሕግ መክሰስ አይቻልም ነው ያለው።

እነዚህ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው፣ ከእኛ ቤት ጋር ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔን የያዘኝ በዚያ ክስ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ኮምፒውተሩ የቤተሰቡ ነበር። ከተቀዳው ነገር መሐል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ ይገኛል፤ ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ። ሰላዩ የፈለገው አባትየውን ነው፤ የልጁ የቤት ሥራም አብሮ ተወሰደ። ድብቅ ፕሮግራም ይህን መርጦ ያንን አይተውም። በአንድ ማድ የሚበሉትን ሁሉ ያያል።

ሰላዩስ ምስጢር ይጠብቃል?

«እኔ የማስገባው ለልጄ ደኅንነት ነው፤ መረጃው ከእኔ አያልፍም» የሚል ወላጅ ይኖራል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሰላዮቹ ራሳቸው የሰበሰቡትን መጠበቅ አልቻሉም።

ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነበር፤ ለመንግሥታት የስለላ ፕሮግራም ይሸጣል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረው ጥቃት በእሱ ፕሮግራም እንደነበር ሲቲዝን ላብ ጽፏል። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰበረ፤ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነድ፣ ከደንበኞቹ ጋር የተጻጻፋቸው ኢሜይሎች ሳይቀሩ፣ ለዓለም ተበተነ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉ ተገለጸ። ማጥመጃው «ይህን ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ» የሚል የሐሰት መልእክት ነበር። ተመራማሪዎቹ ነገሩን የደረሱበት ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን ማንም ሊያነበው በሚችል ሰርቨር ላይ ክፍት ትተውት ስለነበር ነው። እኔ በመቀነቴ ቁልፍ ቋጥሬ እዞር ነበር፤ እነሱ በሩን እንኳን አልገጠሙትም።

ለወላጆች በሚሸጠው ላይም ያው ነው። ኤምስፓይ የሚባለው የታወቀ የክትትል ፕሮግራም በ2007፣ በ2010 እና በ2016 ዓ.ም. መረጃ አፈትልኮበታል። ወላጅ ከፍሎ የልጁን መልእክት አስለቅሟል፤ የተለቀመው ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ወድቋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት፣ በፖስታም በስልክም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትንና የሰውን ግንኙነት መጥለፍን በወንጀል ያስጠይቃል። እኛ አያቶች ሕግ አናጠና ይሆናል፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነውር መሆኑን ግን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

ቤታችን ውስጥ ምን እናድርግ?

የእኛን ላፕቶፕ ወጣቱ ጠጋኝ ፎቶግራፉንና የትምህርት ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ ሌላውን በሙሉ አጠፋውና ዊንዶውስን ከባዶ ጫነው። «አንድ ቦታ ጠርገን ሌላ ቦታ እንዳይቀር» ነው ያለው፤ ቁስል እንደማጽዳት ነው። የይለፍ ቃሌን የቀየርኩት ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ሰላይ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ብትጽፉ አዲሱንም ያው ሰላይ ነው የሚመዘግበው።

ከእሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ዊንዶውስ በየጊዜው ዝመና ይልካል፤ ሰዎች «አፕዴት» የሚሉት ነው። የተገኘ ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው፤ ለኮምፒውተር እንደ ክትባት ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። እንደ እኛ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ ኮምፒውተር ሳይከተብ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ሲመጣ ከፊልምና ከሙዚቃ በፊት ዝመናው ይቅደም። ዊንዶውስ 7 ዝመናው የቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ዝመና አያገኝም። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ቀለሙን ብቻ አትዩ፣ በውስጡ የትኛው ዊንዶውስ እንዳለ ጠይቁ።

ፍላሽን እንደ መርፌ አስቡት። አንዱን መርፌ ለሁለት ሰው አንወጋም ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ስንት ኮምፒውተር እንደነካ አይታወቅም፤ ቤት ሲመጣ ከመከፈቱ በፊት በአንቲቫይረስ ይፈተሽ። አንዳንዴ ፍላሹ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ጠፍቶ በምትኩ ትንንሽ የአቋራጭ ምልክት ይታያል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው፤ ምልክቱን ሳትነኩ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

«ክራክ» የተባለ ነገር ቤት አይግባ። «አንቲቫይረሱን አጥፉና ጫኑ» የሚል መመሪያ ካያችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። ልጆች በየቀኑ የሚጠቀሙበት መለያ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው ይሁን። ሥልጣን ያለው ለብቻው የይለፍ ቃል ኖሮት በአዋቂ እጅ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ልጁ ተታሎ የማይሆን ነገር ቢነካ እንኳ ፕሮግራሙ ያለ ፈቃድ በቀላሉ አይጫንም።

የልጅ ነገር የሚያሳስበው ወላጅም መንገድ አለው። ዊንዶውስ ራሱ ለቤተሰብ ያዘጋጀው መቆጣጠሪያ አለ፤ ሰዓት ይወስናል፣ ለልጅ የማይሆኑ ገጾችን ይዘጋል። የሚሠራው በግልጽ ነው፤ ልጁም ያውቀዋል። አንድ ልጅ የተዘጋ በር ሲያይ ለምን ተዘጋ ብሎ ሊጠይቅ፣ ሊከራከርም ይችላል። ስለማያውቀው ቀዳዳ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ከልጅቷ ጋር

የልጅ ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በእኛ ዕድሜና በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ መጠየቁ ብዙ አልተለመደም፤ እኔም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አባቷም ደውሎ ለብቻዋ አነጋገራት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ተስማማን። ላፕቶፑ ሳሎን ይቀመጣል፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። አባቷ ማወቅ የሚፈልገውን በየእሑዱ እሷኑ ይጠይቃል። በማስታወሻዋ ላይ የምትጽፈው የራሷ ነው። እኔ ደግሞ የስኳሬን ልክ በየሳምንቱ ለልጄ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። የመለኪያውን ቁጥር የምታነብልኝ እሷ ናት፤ ዓይኔ እንደድሮው አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን የይለፍ ቃሏን በወረቀት ጽፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፤ አሸገችውና ሰጠችኝ። «ብረሳው እንድትሰጪኝ ነው። እምዬ፣ እንዳትከፍቺው» አለችኝ።

ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ መቀነቴ ላይ ነው።